እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እውነት ስንፍና ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ 26 ዓመቴ ነው። ምንም ባደርግ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ጠዋት ደግሞ ለስራ 12 ተኩል መነሳት አለብኝ። እህቴ ማታ 3 ሰዓት ተኝታ ንጋት 11 ላይ ያለ አላርም ብድግ ነው የምትለው፣ ቤት ውስጥ "ሰነፏ" እኔ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት እተኛለሁ። የእንቅልፍ ኪኒን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ኪኒኑን ተይው፣ ሰነፍ የሚለውንም አብረሽ ተይው። በ4 ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ስራ ውላ የምትገባ ሰው እንዴት ሰነፍ እንደምትባል እኔ አይገባኝም።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ አንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ቦታ ላይ 20 ሺህ ገደማ ሴሎች ያሉት ሰዓት አለ፣ መቼ እንደምንነቃ መቼ እንደሚደክመን ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን መቼ እንደሚለቀቅ የሚያዘው እሱ ነው። ታዲያ ልክ 24 ሰዓት አይዞርም፣ በአማካይ 10 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፣ ከሰው ሰው ይለያያል፣ የሚረዝምባቸው ሰዎች ናቸው የማታ ሰው የሚሆኑት በአብዛኛው። የዘር ነገርም አለበት፣ ክራይ1 የሚባል ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ እንቅልፍን እንደሚያዘገይ በ2017 ታውቋል፣ ፐር2 ላይ ያለ ሌላ ለውጥ ደግሞ ሰውን በጊዜ ያስተኛል። እነዚህ ግን ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፣ ብዙዎቻችን ጋር ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ እየገፉ ስለሆነ እህትማማቾች ቢለያዩ አይገርምም። ዕድሜም አለ፣ ሰዓቱ በጣም የሚዘገየው 20 ዓመት አካባቢ ነው፣ ከዛ ቀስ እያለ ወደ ጊዜው ይመለሳል።

አሁን የአንቺን ሂሳብ እንስራ። በስራ ቀን የእንቅልፍሽ መሃል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ነው፣ ቅዳሜ ግን ጠዋት 12 ተኩል። ከ2 ሰዓት በላይ ልዩነት፣ ማለትም በየሳምንቱ ሩቅ አገር በርረሽ ሰኞ እንደምትመለሺ ቁጠሪው፣ ሶሻል ጄትላግ የሚሉት ይሄንን ነው። ኪኒን ደግሞ ያደነዝዝሻል እንጂ ሰዓቱን አያንቀሳቅሰውም፣ ጠዋት ላይ ድንዛዜው ይተርፍሻል፣ መኪና የምትነጂ ከሆነ እሱ ራሱ አደጋ ነው።

ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ብርሃን ነው። ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ሰውነትሽ ገና ሌሊት ነው ብሎ በሚያስብበት ሰዓት ላይ ደማቅ ብርሃን ብታገኚ ጭራሽ ሊያዘገይብሽ ይችላል፣ ስለዚህ ከስራ ፈቃድ ወስደሽ ጀምሪው፣ ያለ አላርም በምትነቂበት ሰዓት ወዲያው ደጅ ወጥተሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ብርሃን አግኚ፣ ከዛ በየ2 በየ3 ቀኑ መነሻሽን 15 ወይ 30 ደቂቃ አስቀድሚው፣ ቅዳሜና እሁድም ሳይቀር (ይሄኛው ነው ሰው የሚያለቅስበት)። ማታ መብራት ቀንሺ፣ ስልኩንም ከፊትሽ አርቂ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ከምሳ በኋላ ቡና ይቅር። በመድሃኒት መልክ የሚሸጠው ሜላቶኒን ግን እንደ እንቅልፍ ኪኒኑ አይደለም፣ በትንሽ መጠን ከመኝታ በፊት ሰዓታት ቀደም ተብሎ ሲወሰድ ይረዳል፣ ልክ ሲተኙ መዋጥ ብዙም አይጠቅምም፣ ግን ሌላ መድሃኒት የምትወስጂ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ ሐኪም ሳያይሽ አትንኪው።

እንደ እህትሽ 3 ሰዓት ትተኛለሽ ብዬ ግን አልዋሽሽም። 6 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ከወሰደሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ከተቻለ ደግሞ ስራ የምትገቢበት ሰዓት ትንሽ እንዲገፋልሽ አለቃሽን ጠይቂ። በፈቃድ ጊዜ በራስሽ ሰዓት ተኝተሽም ካልረካሽ፣ የምታንኮራፊ ከሆነ፣ ወይም ነገር ሁሉ ካስጠላሽ ጉዳዩ የሰዓት ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ። ስትሄጂ የ2 ሳምንት የተኛሽበትንና የነቃሽበትን ሰዓት ጽፈሽ ያዢ፣ ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይሻለዋል።