ልጆቻችሁን ማጀት አስገቧቸው

የብዙዎቻችን የማጀት ሥራ የሚጀመረው እሑድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። አንድ ድስት የጾም፣ አንድ ድስት የፍስክ ይሠራል። ወጡ ሲበርድ በፕላስቲክ ዕቃ እየተከፋፈለ ፍሪዘር ይገባል፤ ሳምንቱን ሙሉ በማይክሮዌቭ እየሞቀ ይበላል። እንጀራው ከሱቅ ይመጣል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከገባሁ 26 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚህ ውስጥ 11 ዓመቱን በዚሁ መልክ ነው የኖርኩት። ሁለት ሥራ እየሠራችሁ፣ ልጅ እያሳደጋችሁ፣ አገር ቤት ላለው ቤተሰብ ገንዘብ እየላካችሁ ማንም ሊወቅሳችሁ አይችልም፤ እኔም አልወቅስም። ግን አንድ ነገር እንድታስቡልኝ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያደገ ልጅ ሽንኩርት ሲቁላላ ሸትቶት አያውቅም። ወጥ ማለት ለሱ ከፍሪዘር የሚወጣ ቀይ በረዶ ነው። ከዚያ እኛው እንቀመጥና «ልጆቻችን የአገራቸውን ምግብ ጠሉ» እያልን እናዝናለን።

ሴት ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ምሳዋን ሳትነካው መልሳ አመጣችው። ምስር ወጥ በእንጀራ ጠቅልዬ ሰጥቻት ነበር። አብረዋት የተቀመጡት ልጆች ሽታውን ሰምተው አፍንጫቸውን ይዘዋል። እኔ በበነጋታው ሳንድዊች ቋጠርኩላት፤ በማግስቱም ሳንድዊች። ልጄን ከሐፍረት ያዳንኳት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ያስተማርኳት ሌላ ነገር ነው፦ የቤታችን ምግብ ከቤት መውጣት የሌለበት፣ የሚደበቅ ነገር መሆኑን። ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ ቁጭ ብዬ ምን እንዳሏት እጠይቃት ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቿን ቤት ጠርቼ ዳቦ ቆሎ አብረው እንዲጠብሱ አደርግ ነበር።

ነገሩን የቀየረችው እናቴ ናት። ለስድስት ወር ልትጠይቀን ከደሴ መጣች፤ ልጄ 9፣ ወንዱ 6 ዓመታቸው ነበር። በመጣች በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው ምስር የተዘረጋበት ትሪ አለ፤ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። «እማዬ፣ የአሜሪካ ምስር እኮ ተለቅሞ ነው የሚሸጠው፤ ድንጋይ የለውም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ባይኖረውም ይልቀሙት፤ እጃቸው ይወቀው» አለችኝ።

ይህን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም። ምስሩን የለቀመች ልጅ ምስሩ ሲታጠብ ልታይ መጣች፤ ሲታጠብ ያየች ድስት ውስጥ ሲገባ ልትጨምር ፈለገች፤ የጨመረች ልትቀምስ ጠየቀች። በዚያ ማታ ማንም «ብዪ» ሳይላት በላች። ወንዱማ «ይሄ የኔ ነው» እያለ ለአባቱ ሲያጎርስ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ልጆቹ ነቅተው ባሉበት ሰዓት፣ አንድ ተራ ምግብ ከባዶ ድስት ተነስታችሁ ሥሩ። ዶሮ ወጥ አይደለም። ዶሮ ወጥ የበዓል ነው፤ እናንተም ስትሠሩት ትጨነቃላችሁ፣ ልጁም ከእግራችሁ ሥር ዞር እንዲል ትጮሁበታላችሁ። ሽሮ ሥሩ። ፍርፍር፣ ክክ አልጫ፣ ቂንጬ፣ ጨጨብሳ ሥሩ። ልጅ የሚናፍቀው በዓመት ሦስቴ የሚያየውን ሳይሆን ማክሰኞ ማታ የበላውን ነው። እኔ ራሴ ከአገር ስወጣ የናፈቀኝ ክትፎ አልነበረም፤ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የምበላው የእንጀራ ፍርፍር ነበር።

ሁለተኛው ነገር ልኬት ነው። እናቶቻችን በዓይናቸው ነው የሚለኩት። በስልክ ብትጠይቋቸው «በመጠኑ» ይሏችኋል። እነሱ መጠኑን ያውቁታል፤ እጃቸው 50 ዓመት ለምዶታል። እዚህ የተወለደ ልጅ ግን «በመጠኑ» ሲሉት የሚይዘው ነገር የለውም። እናቴ እዚህ እያለች አንድ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዛሁና ላይዋ ላይ ቆምኩ። ከሽሮው ጣሳ በእፍኟ ስትዘግን «እማዬ ቆይ፣ መጀመሪያ እዚህ ላይ» እያልኩ ጎድጓዳ ሳህን ከእጇ ሥር አስገባለሁ። መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። «ምግብ በሚዛን ይሠራል እንዴ? መድኃኒት ነው?» አለች። ለልጆቹ መሆኑን ስነግራት ግን ራሷ እየጠራችኝ «ነይ፣ ይሄንንም መዝኚ» ማለት ጀመረች። የእናቴ አንድ እፍኝ ሽሮ 45 ግራም ነው። ይህን አሁን ሁለቱም ልጆቼ ያውቁታል። እናታችሁ በሕይወት ካሉ፣ ለጥየቃ ሲመጡ ወይም እናንተ ስትሄዱ፣ ከፎቶው በፊት ይህን አድርጉ። የበርበሬ አደላለዛቸውን፣ ቅቤ ሲያነጥሩ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን፣ ኮሰረቱን፣ አብሹን ምን ያህልና በየትኛው ሰዓት እንደሚጨምሩ ጻፉ። እኔ የበርበሬውን ሳልጽፍ ቀረሁ፤ «በሚቀጥለው ስትመጪ» ብዬ ነበር፤ ተመልሳ አልመጣችም። ዛሬ የማዘጋጀው በርበሬ ጥሩ ነው፤ የሷ ግን አይደለም።

ስለ እንጀራ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። እዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲገባ ሊጡ አልቦካም ብሎ ቀናት ይቀመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሊጡን ከድናችሁ ኦቭን ውስጥ አስገቡት፤ ኦቭኑን አታብሩት፤ መብራቱን ብቻ አብሩት። የአምፖሉ ሙቀት ይበቃዋል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ውሃው ከላይ ይጠልላል፤ እሱን ቀስ ብላችሁ ድፉት። ከሊጡ አንድ ጭልፋ አውጥታችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰላችሁ አብሲት ጣሉ፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሱት። ኩፍ ሲል መጋገር ነው። መጀመሪያ ላይ የጤፍ ዱቄት ብቻ ከከበዳችሁ ትንሽ የስንዴ ዱቄት ቀላቅሉ፤ እጃችሁ ሲለምድ ትቀንሱታላችሁ።

ምጣዱን በተመለከተ፣ እዚህ አካባቢ ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች ዘሮች ብዙ ናቸው፤ ሌፍሰ የሚሉት ከድንች የሚሠራ ስስ ቂጣ አላቸው። እሱን የሚጋግሩበት 16 ኢንች ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ በብዛት ይሸጣል። ከአገር ቤቱ ምጣድ ያንሳል እንጂ ሙቀቱ ለእንጀራ በቂ ነው፤ ስንቱ ሐበሻ ቤት እሱ አለ። ዱቄቱም ቢሆን ቅርብ ነው። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አይዳሆ ላይ ጤፍ መዝራት ጀመረ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጋግረው የአይዳሆ ጤፍ ነው። ይህን ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ወንዱ ካርታ ላይ አይዳሆን ፈልጎ አገኘና «ታዲያ ጤፍም እንደኔ እዚህ ነው የተወለደው» አለኝ።

ልጅን ምጣድ አጠገብ ስታቆሙት የሚሰጣችሁን ደስታ ሌላ ነገር አይሰጣችሁም። ሊጡን ከዳር ወደ መሀል አዙራችሁ ስታፈሱ፣ መጀመሪያ ጸጥ ይላል። ከዚያ ከጥግ አንድ ዓይን ብቅ ይላል፣ ሁለት፣ አሥር፣ ወዲያው ምጣዱ ሙሉ ይሆናል። ልጄ ከወንበር ላይ ሆኖ «ዓይን አወጣ! ክደኚው!» እያለ ይጮህ ነበር። ክዳኑን የመክደን ሥልጣን የሱ ነበር። ልሙጥ የወጣውን እንጀራ አትጣሉት፤ ልጁ ፊት «ተበላሸ» አትበሉ። ለፍርፍር ይሆናል፤ ያኛው ፍርፍር የሱ ይሁን።

ስለ በርበሬ ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። ልጅን በበርበሬ አትጀምሩት። ነጭ ሽሮ አለ፤ ክክ አልጫ በእርድ አለ፤ ጎመን አለ፤ የጤፍ ገንፎ አለ። በርበሬው ቀስ እያለ ይገባል። እያስገደዳችሁ አታጉርሱ። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ አፉን የዘጋ ልጅ ላይ ሲገፋ ቅጣት ይሆናል። «ቅመስ፣ ካልጣመህ ተወው» በሉት፤ ሲተወውም በእውነት ተዉት። ሴት ልጄ ምስር ወጥን ከዚያ ከምሳው ነገር በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አልቀመሰችም ነበር። ራሷ ለቅማው ነው የተመለሰችበት።

አሁን ደግሞ አባቶች ስሙኝ። ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም የሚለውን አገር ቤት ተዉት። እንዲያውም እዚያም እየቀረ ነው። ወንድ ልጄ ቁሌት ከእኔ አስበልጦ ይሠራል፤ ትዕግሥት አለው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እያማሰለ፣ ሊይዝ ሲል ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረገ 40 ደቂቃ ይቆማል። ባለቤቴ ይህን አይቶ በሁለተኛው ዓመት ራሱ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ። ማጀት ውስጥ አባቱን ያየ ልጅ የሴት ሥራ የወንድ ሥራ የሚባል ነገር አይገባውም። ባል ወይም ሚስታችሁ የሌላ አገር ሰው ከሆኑም ያው ነው፤ አብሯችሁ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ማዕዱ ላይ እንግዳ አይሆንም።

አማርኛውም አብሮ ይመጣል። የቅዳሜ የቋንቋ ትምህርት ልጆቼን ሀ ሁ አስቆጥሯቸዋል፤ ግስ ያስተማራቸው ግን ድስቱ ነው። ጨምሪ፣ አማስዪ፣ ቅመሺ፣ ክደኚ፣ አውጪ፣ አውርጂ። ለወንዱ ደግሞ ጨምር፣ አማስል፣ ቅመስ። ሴቱንና ወንዱን አለያይቶ መናገር እንዴት እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳቸውም፤ እኔ ለሁለቱ የምናገረውን እየሰሙ ያዙት። ቁሌት፣ መከለሻ፣ ሲንተከተክ፣ ቱግ ሲል፣ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ለመተርጎም አትሞክሩ። እንደወረዱ ስጧቸው።

በበዓል ቀን ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሆነ፣ ማንም የማይነካበት ሥራ ስጡት። እኛ ቤት የዶሮ ወጡ እንቁላል ቀቅሎ መላጥና በቢላ ጫፍ መሰንጠር የወንዱ ነው፤ ፈንዲሻውና ቡናው የሴቷ። ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። አሜሪካን አገር ዶሮው ቶሎ ይፈርሳልና ቁሌቱ በደንብ በስሎ ቅባቱ ወደ ላይ ሲወጣ ነው ሥጋው መግባት ያለበት። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ኮባ ካጣችሁ፣ የእስያና የላቲን አገሮች ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ የሙዝ ቅጠል አለ፤ ይተካዋል። ከአገር ቤት የሚላክላችሁን በርበሬ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስቀምጡ፤ ሽታው አይጠፋም። ቋንጣ ግን አታስልኩ። ሥጋ ወደ አሜሪካ አያስገቡም፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱታል፤ የእናት ልፋት ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት ያማል።

ሴት ልጄ ባለፈው መስከረም ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከልብሷ ጋር ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ጠርሙስ የተነጠረ ቅቤ፣ የበርበሬ ከረጢትና አንዲት ትንሽ ብረት ድስት ቋጠርኩላት። በጥቅምት አንድ ማታ ሥራ ላይ እያለሁ በቪዲዮ ደወለች። «እማ፣ ሽሮው ጓጎለብኝ፤ ልጆቹ ደግሞ ሳህን ይዘው ቁጭ ብለዋል» አለች። ካሜራውን ወደ ድስቱ አዙሪው አልኳት። ትልልቅ እብጠት አለው። «አውርጂው። ቀዝቃዛ ውሃ ትንሽ ጠብ አድርጊና በሹካ እየደፈጠጥሽ ምቺው። ሲለሰልስ መልሺና አማስዪው፤ እስኪንተከተክ አትልቀቂው» አልኳት። የሹካውን ድምፅ ሰማሁ። ከኋላዋ አንዷ ልጅ በእንግሊዝኛ «ምን ይሸታል እንዲህ?» ስትል ሰማሁ። ልጄ ዞር አለችና «የአያቴ ሽሮ ነው፤ ቆይ፣ ትቀምሺዋለሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እማ፣ ቅቤውን አሁን ልጨምር ወይስ ሲወርድ?» አለችኝ።