ሰባት ዓመት ዲያቆን ሆኜ ለምን ለሽምግልና አልተጠቆምሁም?

ጥያቄ፦ ውድ መጋቢ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአጥቢያችን ሰባት ዓመት በዲቁና አገልግያለሁ። መባ እንሰበስባለን፣ እንቆጥራለን፤ ለችግረኛ ቤተሰቦች እርዳታ የማደርሰውም እኔ ነኝ። ዘንድሮ ለሽማግሌዎች ምርጫ ጥቆማ ሲደረግ ስሜን ያነሣ አልነበረም፤ ከእኔ በኋላ ዲያቆን የሆነ ወጣት ግን ተጠቆመ። በመልካም ያገለገሉ ዲያቆናት «ትልቅ ማዕርግ» ያገኛሉ የሚለው ቃል (1ኛ ጢሞ. 3፥13) ታዲያ ምን ማለት ነው? ቅር መሰኘቴስ ኃጢአት ነውን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ቅር መሰኘት ኃጢአት አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ሲያድር ግን ይሻግታል። ደግሞም ቅሬታህ ከባዶ የመጣ አይመስለኝም። በብዙ አጥቢያዎቻችን ሽማግሌው ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ዲያቆኑ ወንበር ይደረድራል። ይህን ለዓመታት ያየ ሰው ዲቁናን ታችኛው፣ ሽምግልናን ላይኛው እርከን አድርጎ ቢቆጥር አልፈርድበትም።

«ማዕርግ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል ባትሞስ ነው፤ በቁሙ እርከን ማለት ነው። ስለዚህ ጥቅሱን ወደሚቀጥለው ሹመት መሸጋገር አድርገው ያነበቡት ጥቂቶች አይደሉም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከዲቁና ወደ ቅስና የሚያልፍ ሥርዓተ ክህነት እንዳለ ታውቃለህ። ጳውሎስ ግን ከማዕርጉ ጋር ያጣመረው «በክርስቶስ ኢየሱስ ባለ እምነት ብዙ ድፍረት» የሚለውን እንጂ ሌላ ወንበር አይደለም። እኔ የምረዳው በምእመናን ፊት ስለሚገኝ ክብርና በእግዚአብሔር ፊት ስለሚገኝ ድፍረት እንደሚናገር ነው።

ይልቅ ፊልጶስን ተመልከት። በሐዋርያት ሥራ 6 በኢየሩሳሌም ማጉረምረም ተነሣ፤ ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻችን በዕለታዊው እርዳታ ተዘነጉ አሉ። ጉባኤው ሰባት ሰዎች መረጠ፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅር የተሰኘው ወገን ማዕዱን እንዲይዝ ተደረገ ማለት ነው (በቋንቋና በጎሣ ለምንናቆር ለእኛ ይህ ብቻውን አንድ ስብከት ይወጣዋል፤ ለዛሬ ይቆየን)። እርግጥ በምዕራፉ ሰባቱ «ዲያቆናት» ተብለው አልተጠሩም። ነገር ግን ለመበለቶቹ እርዳታም፣ ሐዋርያት ለያዙት የቃል ሥራም ሉቃስ የተጠቀመው አንድ ቃል ነው፤ ዲያኮኒያ፣ አገልግሎት።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ በምዕራፍ 8 በሰማርያ ሲሰብክ፣ ቀጥሎም በጋዛ መንገድ የህንደኬን ጃንደረባ ሲያጠምቅ እናገኘዋለን። የኢትዮጵያን ንግሥት ገንዘብ የሚጠብቀውን ሰው ያጠመቀው ለመበለቶች ማዕድ የተመረጠ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ጳውሎስ ቂሣርያ ላይ በቤቱ ሲያርፍ፣ ሉቃስ ሲያስተዋውቀን «ከሰባቱ አንዱ» ይለዋል (21፥8)። ወንጌላዊ ሆኗል፤ ያም ሆኖ የድሮው የማዕድ ሥራው የሚታፈርበት አልሆነም፣ መታወቂያው ሆኖ ቀረ።

ሽምግልናው ሌላ ሥራ ነው። ጳውሎስ ከሚሊጢን ልኮ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች አስጠርቶ መንጋውን እንዲጠብቁ አደራ ይላቸዋል (ሐዋ. 20፥17፣ 28)። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 የሁለቱ መመዘኛ እጅግ ይቀራረባል፤ ለኤጲስ ቆጶሱ፣ ማለትም መንጋውን ለሚጠብቀው ሽማግሌ፣ ብቻ የተጻፈው ግን «ለማስተማር የሚበቃ» የሚለው ነው። ለዲያቆናት ደግሞ «በሁለት ቃል የማይናገሩ» ይላል። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ከአንዱ ቤት የሰማውን በሌላው ቤት ቢለውጠው ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ።

እኔም በወጣትነቴ አራት ዓመት ዲያቆን ነበርሁ። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ዱቄትና ዘይት በጋሪ አስጭኜ በጠራራ ፀሐይ አንዲት እናት ደጅ ደረስሁ። ጎረቤታቸው አጥር ላይ ተደግፋ ታያለች። እናቲቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሲመሽ ብትመጣ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ዱቄቱን አደረስሁ፣ እሳቸውን አዋረድሁ። ሐዋርያት ማዕድ ለሚያድል ሰው «ጥበብ የሞላባቸው» ይሁኑ ማለታቸው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

እንግዲህ ራስህን ጠይቅ፤ የቀረብህ ሥራው ነው ወይስ መቀመጫው? ሥራው ከሆነ፣ ማለትም ማስተማር፣ በእኩለ ሌሊት የተጣሉ ባልና ሚስት ማስታረቅ፣ ከእምነት የራቀን ሰው ፈልጎ መመለስ ከሆነ፣ ይህን ለሽማግሌዎቹ በግልጽ ንገራቸው። ዲያቆን የነበረ ሽማግሌ አይሁን የሚል ቃል የለም። ይህ ስጦታ በእውነት ካለህ ሊያዩት ይገባ ነበርና ለምን እንዳላዩት መጠየቅ መብትህ ነው። ወጣቱን ግን በዚህ ውስጥ አታስገባው፤ ራሱን አልጠቆመም።

ስትሄድም የችግረኞቹን ስም የያዝህበትን ደብተር አትርሳ። ስንት ቤት እንደምታንኳኳ፣ በየትኛው ቤት በቀን፣ በየትኛው ሲመሽ እንደምትገባ አንድ በአንድ አሳያቸው። አብዛኞቹ ደብተሩን ከፍተው ያዩት አይመስለኝም።