ቤቱ ከመሸጡ በፊት ዓይንህ ይታይ

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ፓይለት መሆን ነው። አባቴ አጋሮ ያለችንን ቤት ሸጦ የግል ማሰልጠኛ ሊያስገባኝ ተነስቷል። መነጽር አደርጋለሁ፤ በሒሳብ መካከለኛ ነኝ። ፈተና ሲደርስ በጫት ነው የማጠናው። ትምህርቴን አቋርጬ ልግባ ወይ? ሥልጠናውስ ምን ያህል ይከብዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለልጁ ሕልም ቤቱን እስከ መሸጥ የሚደርስ አባት ስላለህ ዕድለኛ ነህ። ግን እባካችሁ፣ ቤቱ ለጊዜው ይቆይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ አንድ ጎበዝ ልጅ ሊያማክረኝ መጥቶ ነበር። ቤተሰቡ ተበድሮ ለሥልጠናው የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍሏል። ሜዲካሉ፣ ማለትም የጤና ምርመራው፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቀለም ነጠብጣቦች መሀል ቁጥር የተደበቀበትን ገጽ አሳዩት። ነጠብጣቡን አየ፤ ቁጥሩን ግን አላየም። ቀይና አረንጓዴ እንደሚምታታበት ያወቀው ያን ዕለት ነው። ሕልሙ እዚያው ቀረ፣ ዕዳው ግን ቤት ገባ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥባችሁ። የንግድ አውሮፕላን ለማብረር አንደኛ ደረጃ የሚባለውን የጤና ምርመራ ማለፍ ግድ ነው። መነጽርህ ብቻውን አያስቀርህም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት፣ በመነጽርም ቢሆን እያንዳንዱ ዓይን 6/9 (ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር)፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ 6/6 ካዩ ይበቃል። ቀጣሪው አየር መንገድ ከዚህ ሊያጠብቀው ስለሚችል ማስታወቂያውን በደንብ አንብብ። ለአሁኑ ዩኒቨርሲቲያችሁ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ሄደህ እይታህንም ቀለም መለየትህንም ተመርመር። ፈቃድ የሚያሰጠው ምርመራ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በሚቀበላቸው ሐኪሞች ዘንድ የሚደረገው ነው። የጅማው ግን ችግር ካለ ቀድሞ ይነግርሃል።

ሒሳቡን አትፍራው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። አውሮፕላንህ 9,000 ጫማ መውረድ አለበት እንበል። ከስንት ርቀት ላይ መውረድ ትጀምራለህ? ሺውን ትተህ ዘጠኝን በሦስት አባዛው፤ ወደ 27 ኖቲካል ማይል (50 ኪሎ ሜትር ገደማ)። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የሚከብደው ይህንን ስትሠራ ሬዲዮው እየጠራህ፣ ፍጥነትህን እየተቆጣጠርክ፣ አሰልጣኙ አጠገብህ ተቀምጦ እያየህ መሆኑ ነው።

የሥልጠናው ዋና ፈተና እዚህ ላይ ነው። የአየር ጠባይ፣ ናቪጌሽን፣ የአቪዬሽን ሕግ፣ የሞተር አሠራር ሁሉም በላይ በላዩ ይመጣል። ከዚያ በረራው ይቀጥላል። ሰማይ ላይ እያለህ አሰልጣኙ ድንገት የሞተሩን ጉልበት ይቀንስና «ሞተር ጠፋ፣ የት ታርፋለህ?» ይልሃል። መጀመሪያ አውሮፕላኑን በትክክለኛው ፍጥነት ታንሸራትታለህ፣ ከዚያ ሜዳ ትመርጣለህ፣ ከዚያ ችግሩን ትፈልጋለህ። ከተደናገጥክ ቅደም ተከተሉ ይጠፋብሃል። ስትወርዱ ደግሞ ስህተትህን አንድ በአንድ ይነግርሃል። ነገም እንደዚያው ነው። ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጡ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት በዚህ ነው፤ በየቀኑ መታረም አልለመዱም። አንተ ስህተትህ ሲነገርህ ታኮርፋለህ ወይስ ደብተርህ ላይ ትጽፋለህ? ራስህን በሐቅ ጠይቅ።

እንግሊዝኛህንም ከዛሬ ጀምረህ ጮክ ብለህ ተናገር። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ከስድስቱ የአቪዬሽን ቋንቋ ደረጃዎች ቢያንስ ደረጃ 4 ይጠየቃል። ከአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያው የመጣውን ትእዛዝ ሰምተህ መልሰህ መድገም አለብህ፤ ማንበብ መቻል ብቻውን አይበቃም።

ስለ ጫቱ በግልጽ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። የአገራችን ነገር ነውና አልፈርድብህም። ግን አቁመው። እንደ ጫት ያለ አእምሮን የሚያነቃቃም ሆነ የሚያደነዝዝ ዕፅ ወስዶ ማብረር አይፈቀድም። ከዚያም በላይ፣ በጫት የተያዘ ትምህርት እንቅልፍ አጥቶ ነው የሚያድረው። ፓይለት ደግሞ እንቅልፉን እንደ ሥራው አካል ነው የሚጠብቀው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የንግድ አብራሪ ፈቃድ በተለመደው መንገድ 200 ሰዓት በረራ ይጠይቃል፤ በተፈቀደ የተሟላ ኮርስ 150 ይበቃል። ለካፒቴንነት የሚያስፈልገው የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ 1,500 ነው። ወደ ጅማው አባ ጅፋር አየር ማረፊያ የምትመጣውን ኪው 400 የተባለች አውሮፕላን ለማብረር ደግሞ ለዚያችው አውሮፕላን የተለየ ሥልጠና አለ። ላይሰንስ መያዝና ሥራ መያዝ ለየቅል ናቸው። በራስህ ገንዘብ ከገባህ በመሀል ያለውን ክፍተት የምትሸከመው አንተ ነህ። አየር መንገድ ሠልጣኝ አድርጎ ሲቀበልህ ግን ወጪው በአገልግሎት ውል ይያዛል። ስለዚህ መጀመሪያ በዚያ በኩል ሞክር።

ዲግሪህንም ጨርስ። የቀረህ ትንሽ ነው። የፓይለት ሜዲካል በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሠላሳ ዓመት ላይ ጤናህ ቢያስቀርህ በእጅህ ሌላ ሙያ ይኑር።

በዚህ ሳምንት ዓይን ክፍል ሂድ። ውጤቱን ስትይዝ አባትህንም ይዘህ ና፤ ቡና እየጠጣን ሦስታችን እናወራለን። እስከዚያ ደላላው ከመጣ፣ ቤቱ አይሸጥም በሉት።