ውሳኔውን ቤት ጨርሱት፦ ሐይቅ ዳር ስለሚወሰድ የእጅ ሥራ

ልጆቼ፣

ለዕረፍት ስትወጡ ከልብስ ቀጥሎ ሻንጣ ውስጥ የምትከቱት የእጅ ሥራችሁን እንደሆነ አውቃለሁ። ዳንቴል፣ ሹራብ፣ ጥልፍ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የጨሌ ሥራ። በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ከክርና ከመርፌ ጋር ነው የኖርኩት፤ ብዙ ወጣቶችንም አስተምሬያለሁ። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የእጅ ሥራ መሥራትን የሚያህል ዕረፍት የለም ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ልምከራችሁ። ይዛችሁት የምትሄዱት ሥራ ብዙ ማሰብ የማይጠይቅ ይሁን። የሚወሰነውን ሁሉ ቤት ወስናችሁ ጨርሱ። እዚያ ለእጃችሁ የሚሆን ሥራ ብቻ ይቅር።

ምክንያቱን ላስረዳ። የእጅ ሥራ ሁለት ዓይነት ድካም አለው። አንዱ የእጅ ነው። ሌላው የመምረጥ ነው። ይህ ቀለም ከዚያ ጋር ይሄዳል ወይ? አንገቱ ይስፋ ወይስ ይጥበብ? ክሩ ይበቃኛል ወይ? ተማሪዎቼን ሳይ እንደኖርኩት ሰው ይበልጥ የሚዝለው በዚህኛው ነው። ዓመቱን ሙሉ በሥራና በትምህርት ስትወስኑ ከርማችሁ፣ ሐይቅ ዳር ሄዳችሁም ያንኑ ከቀጠላችሁ ምኑን አረፋችሁት? አንዱን ረድፍ ደጋግሞ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። እጅ መንገዱን አንዴ ከለመደ ጭንቅላት ነፃ ይወጣል። ወሬ ትሰማላችሁ፣ ውሃውን ታያላችሁ፣ ሐሳባችሁ ወደ ፈለገው ይሄዳል።

ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሥራ ምረጡ። ሻርፕ ጥሩ ነው። ከሁሉም የምወደው ግን በካሬ በካሬ እየተሠራ በኋላ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ ነው። አንዱ ካሬ በእጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ከባድ አይደለም፣ ሙቀት ላይ ጭን አያሞቅም። አንዱን ስትጨርሱ የጨረሳችሁት ነገር አለ፤ ሌላውን ባትጀምሩም ምንም የተቋረጠ ነገር የለም። ጥልፍ ከሆነ ንድፉ ጨርቁ ላይ አስቀድሞ የተሳለ፣ ቀለሞቹም የተለዩ ይሁኑ።

በግማሽ የቆመ፣ ልክ የሚፈልግ ሹራብ ግን ቤት ይቆይ። ይህን የምለው ቤት ያስቸገረ ሥራ እዚያም ስለሚያስቸግር ብቻ አይደለም። ሰው ሲዝናና እጁም ይላላል። በሥራ ቀን ማታ፣ ትከሻችሁ ተወጥሮ የሠራችሁትና ሐይቅ ዳር ተዘርግታችሁ የሠራችሁት በአንድ ዓይነት ክርና በዚያው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ቢሆንም ስፋቱ ሊለያይ ይችላል። ካላመናችሁ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ናሙና በሁለቱም ቦታ ሠርታችሁ ለኩት። ለሻርፕ ይህ ለውጥ ምንም አይደለም። አንዱ እጅጌ ቤት፣ ሌላው ሐይቅ ዳር ለተሠራ ሹራብ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ሥራውን ጀምሩት። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ረድፎች ሁልጊዜ አስቸጋሪ ናቸው፤ እነሱን ቤት አሳልፏቸው። ክር ስትገዙ መለያ ወረቀቱ ላይ ያለውን የቀለም ዙር ቁጥር ተመልከቱ። አንድ ስም ያለው ቀለም በተለያየ ዙር ሲነከር ትንሽ ይለያያል፤ ያ ልዩነት ሱቅ ውስጥ አይታይም፣ ሥራው ላይ ግን እንደ መስመር ይወጣል። የሚበቃችሁን ከአንድ ዙር ያዙ፣ አንድ ጥቅልም ጨምሩበት። ንድፉን ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት። ፀሐይ ላይ ስክሪን አይነበብም፣ ባትሪም ያልቃል። በወረቀት ይሁን። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ መቀሱን በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት። ለመንገድ የጥፍር መቁረጫ ይበቃል፤ ክር በደንብ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ። ሐይቅ ዳር ለእጅ ሥራ የራሱ ፀባይ አለው።

መጀመሪያ ነፋሱ። ቀን ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። ከላዩ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ከውሃው በኩል ቀዝቃዛ አየር ይተካዋል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ እናንተ የሚነፍሰው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ማለዳ ላይ አየሩ በአብዛኛው ረጋ ያለ ነው። ስለዚህ ቀጭን የጥልፍ ክርና ጨሌ የሚፈልገውን ሥራ ጠዋት ሥሩት፤ ከሰዓት ሰብሰብ ያለውን፣ ጥቅሉ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ክሩ ብቻ የሚወጣውን ያዙ። ከረጢቱ የጨርቅ ይሁን። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት መጥጦ እንኳ ሲነኩት ደረቅ ሊመስል ይችላል። እንደዚያ ሆኖ ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ካደረ ይሸታል። ጀልባ ላይ ስትወጡ ብቻ በሚዘጋ ፕላስቲክ ያዙት፤ ስትወርዱ ደግሞ ክፈቱለት።

መርፌ ጨርቁ ላይ ተሰክቶ አይደር። በእርጥብ አየር መርፌ ሊዝግ ይችላል፣ የዝገት ምልክት ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ጨርቁን የሚወጥረውንም ክብ ፍሬም ማታ ማታ አውጡት፤ አለዚያ ክቡ ጨርቁ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ስለ ቅባት አጥብቄ የምነግራችሁ ነገር አለ። ብዙዎች አያውቁትም። የትንኝ መከላከያ ቅባቶችና ስፕሬዮች ውስጥ ዲት የሚባል ኬሚካል ካለ ፕላስቲክ ያሟሟል። የፕላስቲክ ኪሮሽ፣ የፕላስቲክ ጨሌ፣ የመነጽር ፍሬም አይቀረውም። ሬዮንና አሲቴት የሚባሉትን ሰው ሠራሽ ክሮችም ይጎዳል። ጥጥና ሱፍ አይነካም። ከፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ደግሞ አቮቤንዞን ያለባቸው፣ ብረት ካለበት ውሃ ጋር ሲገናኙ ጨርቅ ላይ ዝገት የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣሉ። ነጭ ጨርቅ ላይ ጥልፍ የያዘ ሰው ይህን ካላወቀ ወራት የፈጀ ሥራው ይበላሽበታል። ስለዚህ ቅባቱን ተቀቡ፤ ጤናችሁ ከጥልፍ ይበልጣል። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ሥራውን ከዚያ በኋላ አንሱ።

ብርሃኑም ይታሰብበት። ውሃ ላይ የሚያንጸባርቅ ፀሐይ ዓይን ያደክማል፤ በተለይ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል። ጥላ ሥር ሆናችሁ ጎናችሁን ለውሃው ስጡ። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ጥቁርንና ጥቁር ሰማያዊን መለየት ይቸግራል፤ ቀለም የሚቀያየርበትን ሥራ ለቀን ተዉት። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ራቅ ያለ ነገር እንድናይ ይመክራሉ። ቢሮ ውስጥ ይህን ለማድረግ ግድግዳ ይጋርዳል። ሐይቅ ዳር ግን ቀና ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። እጅ አንጓችሁንም አዳምጡት። ዕረፍት ላይ ጊዜ ስላለ ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ፤ አንጓቸው አብጦ የተመለሱም አሉ። መደንዘዝ ከተሰማችሁ በቃ፣ የዚያን ቀን ሥራ አልቋል።

ትእዛዝ ይዛችሁ አትሂዱ። ይህን በልመና ነው የምላችሁ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የእጅ ሥራችሁን እንደምትሸጡ አውቃለሁ፣ ኩራት ይሰማኛል። ግን ገንዘብ የተቀበላችሁበት፣ ቀን የተቆረጠለት ሥራ ሻንጣችሁ ውስጥ ካለ ዕረፍት አልወጣችሁም። ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት። ጨዋ ደንበኛ ይጠብቃል።

አብረዋችሁ ላሉትም አስቡ። እናታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ሲያወሯችሁ ረድፍ እየቆጠራችሁ «ቆይ፣ ቆይ» የምትሉበት ሥራ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ትርፍ ኪሮሽና ትንሽ ክር ጣል አድርጉ። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሕፃን «እኔም ልሞክር» ማለቱ አይቀርም። ስታስተምሩት አታርሙት፤ እንደ ፈለገ ይቋጥረው።

ሳትነኩትም ልትመለሱ ትችላላችሁ። ዋና፣ እንቅልፍ፣ ጨዋታ ጊዜውን ከወሰዱት ይውሰዱት። በማግስቱ ለማካካስ ብላችሁ አትሩጡ።

የመጨረሻው ምሽት ላይ የጀመራችሁትን ረድፍ ጨርሱ። መሐል ላይ የተተወ ረድፍ ጉዞ ላይ ይፈታል። ስንተኛው ረድፍ ላይ እንዳቆማችሁ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከሥራው ጋር አያይዙት፤ አሸዋውን አራግፉና ከረጢቱ ውስጥ ክተቱት። የኪሮሹን ቁጥርም ወረቀቱ ላይ ጨምሩ፤ ቤት ስትደርሱ ለሌላ ሥራ ታወጡት ይሆናል።