«አንድ ብቻ» ሲሏችሁ፦ የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

አምሽቶ ለጠጣ ሰው ጥቁር ቡና በሎሚ ስካሩን ያበርድለታል ወይ? መንዳት አለብኝ።

አያበርድም። ጉበት በሰዓት የሚያጣራው በግምት የአንድ ቢራ ያህል ነው፤ ቁልፉን ለሌላ ስጥና በታክሲ ግባ።

19 ዓመቴ ነው፤ በሳምንት ስንት ጠርሙስ ቢሆን አይጎዳኝም?

ምንም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ዓርብ ከሥራ ልጆች ጋር ስወጣ «ሁለት ብቻ» ብዬ አምስት እደርሳለሁ።

አምስት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ዙር ከጋበዛችሁ አምስት መሆኑ አይቀርም። ገና ሳትቀመጪ «ዛሬ ሒሳቤን ራሴ ነኝ የምከፍለው» በያቸው። በባዶ ሆድ አትጀምሪ። አስተናጋጁ ለሒሳብ የሚተወውን ቆርኪ ደግሞ ከሌላው ሳታቀላቅይ ፊትሽ አስቀምጪ፤ ሁለት ሲሞላ ታዪዋለሽ።

26 ዓመቴ ነው። ሁዳዴን ሙሉ አልቀምስም፤ ፋሲካ ሲመጣ ግን የ55 ቀኑን በአንድ ሌሊት አወጣዋለሁ። ሱሰኛ ነኝ?

በደብዳቤ ሱሰኛ ነህ አይደለህም ማለት አልችልም። ግን 55 ቀን እንዴት ቻልክ? በጾም ጊዜ «ጾመኛ ነኝ» ካልክ ነገሩ አለቀ፤ አምቦ ውሃህ ይመጣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። በአዘቦት ቅዳሜ «አልጠጣም» በል እስቲ! «ታመምክ እንዴ? መድኃኒት ጀመርክ? ጴንጤ ሆንክ?» ሴት ከሆነች «አረገዝሽ?» ይከተላል። አንድ ድግስ ላይ ብርሌውን በመዳፉ የከደነ ልጅ አይቻለሁ፤ ጋባዡ ጠጁን በጣቶቹ መሃል አፈሰሰበት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ልጁ እጁን በሶፍት ጠርጎ ጠጣ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አልጠጣም ያለን ሰው ምክንያት መጠየቅ ይቅር፤ አንተም በምትጋብዝበት ቀን አትጠይቅ።

ወደ ፋሲካው ስንመለስ፣ ሰውነትህ በ55 ቀን ውስጥ የቀድሞውን መቋቋም ስለሚያጣ ከጾሙ በፊት የማያሰክርህ መጠን አሁን ይጥልሃል። ከጠጣህ እንደ ጀማሪ ጠጣ። ራስህን መፈተን ከፈለግህ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ ሁለት ሳምንት ተው። ጾም ሳያግዝህ ከቻልክ ጥሩ፤ ካቃተህ ሐኪም አማክር።

ማልት ይዤ ከጠጪዎች ጋር ብቀመጥ ያስነውራል?

በፍጹም። ስኳሩን ብቻ ልብ በይ።

ወንድሜ 28 ዓመቱ ነው። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አረቄ ሲቀምስ ይረጋል። ቤት ዘግተንበት ልናስተወው ወስነናል።

እባክሽ እህቴ፣ አታድርጉት! በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊያስቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። የእጁ መንቀጥቀጥ ምልክቱ ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ዛሬውኑ ውሰዱት። ሐኪም ሳያየው መጠጡን በአንዴ አትንጠቁት። መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፤ ግን በሐኪም ክትትል ብቻ የሚሰጥ ነው። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ አንቺ ፊት ለመናገር ካፈረ ከክፍሉ ውጪለት፤ ሐኪሙ ትክክለኛውን ቁጥር መስማት አለበት።