የምታውቁት ነገር ፈተና ላይ ሲሰወርባችሁ

ሰሞኑን አስተምሬ ስጨርስ አንዲት ተማሪ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ መጣች። «ዶክተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ነገር ወረቀቱ ፊቴ ሲቀመጥ ድራሹ ይጠፋል። ከወጣሁ በኋላ ደግሞ አንድም ሳይቀር ተመልሶ ይመጣል። ጭንቀት አንጎሌን ጎድቶት ይሆን?» አለችኝ። አልጎዳውም ብዬ በአጭሩ ነገርኳት፤ ቸኩላ ስለነበር ሄደች። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ይህን የምጽፈው ለእሷና እሷን ለመሰላችሁ ሁሉ ነው።

የሕክምና ተማሪ ሳለሁ አብሮኝ የሚያጠና ጓደኛ ነበረኝ። እንዲያውም ያስጠናን ነበር ብል ይሻላል። ከእኛ መካከል የአንጎልን የደም ሥሮች በቃሉ የሚስል እሱ ብቻ ነበር። በአንገት በኩል ወደ ራስ ከሚወጡት አራት ትልልቅ የደም ሥሮች ይጀምራል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ተገናኝተው ባዚላር አርተሪ የሚባለውን ሲሠሩ ያሳያል፤ ከዚያ ከአንጎል ሥር ያለውን፣ የዊሊስ ቀለበት የሚባለውን የደም ሥሮች ክብ ዘግቶ እስክሪብቶውን ያነሳል። አንዱን ቅርንጫፍ ስንዘል አይስቅብንም፣ አይቆጣንም። «ከየት ነው የመጣኸው? ወደዚያው ተመለስና እንደገና ተነሣ» ይለናል። ዛሬም ተማሪ ሲጠፋበት የምለው ይህንኑ ነው።

የቃል ፈተናው ቀን የምንገባው ሁለት ሁለት ሆነን ነበር፤ እኔና እሱ አንድ ላይ ደረሰን። ገና ሳንቀመጥ ዋናው ፈታኝ ዝርዝሩን ተመለከተና የጓደኛዬን ስም አጣው። ጽሕፈት ቤቱ ሲገለብጥ ዘሎት ነው። ፈታኙ ግን ምን ሆኖ ነው ብሎ አልጠየቀም። «ያልተመዘገበ ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ማን አስገባህ?» ብሎ ጮኸበት። ሌሎቹ ፈታኞች አቀርቅረው ወረቀታቸውን ያያሉ። ጓደኛዬ መታወቂያውን ላውጣ ሲል እጁ ከኪሱ አልወጣ አለው። ሁለታችሁም ውጡ ተባልን፤ ስሙ እስኪጣራ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ላወራው ሞከርኩ፣ አልመለሰልኝም። ግድግዳውን ተደግፎ አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር።

ተመልሰን ስንገባ ትሪው ላይ የተገለበጠ አንጎል ተቀምጧል፤ የፎርማሊኑ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ቀይ ራስ ያላት ስፒል ባዚላር አርተሪ ላይ ተሰክታለች። ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ቀላሉ እሱ ነበር። ጓደኛዬ ጣቱን ወደ ስፒሏ ዘረጋና ሳይነካት አየር ላይ አቆመው። «አውቀዋለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አውቀዋለሁ» አለ። ፈታኙ «የሚያውቅ ሰው ይናገራል» አለው። ሌላ ጠየቁት፣ ያንንም አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ሲጠይቁት ራሱን ብቻ ይነቀንቅ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈልጎ አገኘኝና ያገኘው ወረቀት ጠርዝ ላይ ቀለበቱን በሙሉ ሳለልኝ። አንድ ቅርንጫፍ አልጎደለም። ሲጨርስ «አየህ፣ የእኔ ጭንቅላት ለዚህ ሙያ አይሆንም» አለኝ። ዓመቱን ድገም ተባለ፤ አልተመለሰም። በሌላ ሥራ ተሰማርቶ ደህና ኑሮ እንደኖረ ሰምቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ያን ከሰዓት «ጭንቅላትህ ደህና ነው፤ የሆነው እንዲህና እንዲህ ነው» የሚለው ሰው አለማግኘቱ ነው። እኔም አላውቅም፣ ያስተማሩንም አያውቁም ነበር።

ዛሬ ይታወቃል። ስንደነግጥ በሰውነታችን ሁለት ነገሮች በተለያየ ፍጥነት ይነሣሉ። አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል፤ ልባችንን የሚያስመታው፣ እጃችንን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ሌላው ዘገም ይላል። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ ምልክት ይሰጣል፣ ፒቱታሪ በደም በኩል ከኩላሊት በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች ያስተላልፋል፣ እነሱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ድንጋጤው ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ድንጋጤው ራሱ አልፎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ብሩስ ማክዩንና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ ሠርተው ይህ ዓይነቱ ሆርሞን ወደ አንጎል ገብቶ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንደሚያዝ አሳዩ። ሂፖካምፐስ አዲስ ትውስታ እንዲመዘገብ፣ የተመዘገበውም ተፈልጎ እንዲወጣ የሚያደርግ ክፍል ነው። ጭንቀት ከትውስታ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያኔ ታወቀ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዶሚኒክ ደ ኬርቬንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። አይጦች ገንዳ ውስጥ ከውኃው በታች የተደበቀ መቆሚያ እንዲፈልጉ ተለማመዱ። በማግስቱ ከመፈተናቸው በፊት እግራቸውን ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ነካቸው። ንዝረቱ ከፈተናው 2 ደቂቃ በፊት ከሆነ መቆሚያውን አልረሱም። 4 ሰዓት በፊት ከሆነም አልረሱም። 30 ደቂቃ በፊት ሲሆን ግን የት እንደነበረ ጠፋባቸው። ሆርሞኑ እንዳይመረት በመድኃኒት ሲታገድ ደግሞ መርሳቱ ቀረ። ይህን ሳነብ ጽሑፉን አስቀምጬ ከወንበሬ ተነሣሁ። ኮሪደሩ ላይ የቆምነው ያን ግማሽ ሰዓት ነበር። ጮኸውበት ወዲያው ቢጠይቁት ኖሮ ምናልባት ይመልስ ነበር፤ ከሰዓት ቢጠይቁት እርግጠኛ ነኝ፣ ይመልስ ነበር።

አይጥና ሰው አንድ አይደሉም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ያው ቡድን ጤነኛ ሰዎችን ቃላት አስጠንቶ ሰውነት ወደ ኮርቲሶል የሚለውጠውን ኮርቲዞን 25 ሚሊግራም ሰጠ። ከማጥናታቸው በፊት ወይም እንዳጠኑ የወሰዱት አልተጎዱም፤ በማግስቱ ቃላቱን ከመጠየቃቸው አንድ ሰዓት በፊት የወሰዱት ግን ከሌሎቹ ያነሰ አስታወሱ። ስለዚህ ልጆቼ፣ በሩ ይቆለፋል እንጂ ዕቃው ከቤት አይወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን የስፒሏን ቀለም እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ያው ጭንቀት ከፊታችን ያለውን ነገር አጥብቆ ያስመዘግባል፤ ከዚህ በፊት የተመዘገበውን ማውጣት ላይ ግን እንቅፋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1994 ላሪ ካሂልና ጄምስ ማክጎ ለሰዎች ስሜት የሚነካ ታሪክ በሥዕል እያሳዩ ነገሯቸው። የአድሬናሊንን ሥራ የሚያግደውን ፕሮፕራኖሎል ቀድመው የወሰዱት፣ የታሪኩን አሳዛኝ ክፍል እንደ ሌሎቹ አጉልተው አላስታወሱትም። ለዚህ ነው ጭንቀትን ጠላት ብቻ አድርጋችሁ እንድታዩት የማልፈልገው። የመጀመሪያው በሽተኛዬ እጄ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ያየሁት ሁሉ፣ ምንጣፉ ላይ የነበረው እጥፋት ሳይቀር፣ ዓይኔ ላይ አለ፤ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ግን ስንት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት።

የቃል ፈተና ይቅር ብዬ በስብሰባ ላይ ተከራክሬ አውቃለሁ፤ ዛሬም ልቤ ወደዚያው ነው። ግን እኔው ራሴ በቃል እፈትናለሁ። በሽተኛ ደም እየፈሰሰው ሲመጣ እስክረጋጋ ጠብቁኝ አይባልምና። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም። የማደርገው ነገር ቢኖር፣ ተማሪው ሲገባ ስሙን አረጋግጬ፣ ቁጭ በል ብዬ፣ መጀመሪያ የሚያውቀውን እጠይቀዋለሁ። ዝም ያለውን ደግሞ አላውቅም እንዳለ አልቆጥረውም።

ስለ እናንተ ትውልድ የማልደብቀው ሐሳብ አለኝ። ሁሉም ነገር «ስትሬስ ነው» ይሆንባችኋል፤ ስልካችሁን ተጋድማችሁ ስታገላብጡ ያመሻችሁትም ድካም ስትሬስ ይባላል። በሌላ በኩል ግን እኛ የዋጥነውን እናንተ አፍ አውጥታችሁ ትጠይቃላችሁ። ያቺ ልጅ የጠየቀችኝን ጓደኛዬ የሚያውቅ ሰው አግኝቶ ቢጠይቅ ኖሮ ሕይወቱ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። በዚህ ከእኛ ትሻላላችሁ።

ኮርቲሶል አንጎልን ይበላል የሚለውን ወሬ ግን አትመኑ። ኩሺንግ በሚባለው በሽታ ኮርቲሶል ለረጅም ጊዜ እጅግ ሲበዛ ሂፖካምፐስ ያንሳል፣ ትውስታም ይዳከማል፤ በሽታው ሲታከም ግን መጠኑ በከፊል ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮነር ሊስተንና ባልደረቦቹ ለከባድ ፈተና ሲዘጋጁ የከረሙ የሕክምና ተማሪዎችን መረመሩ። ሐሳብን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ማዞር ላይ ደክመው፣ በግንባር በኩል ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ከሌሎች ክፍሎች ጋር ያለው ግንኙነትም ላልቶ ተገኘ። አንድ ወር ካረፉ በኋላ ሲመረመሩ ካልተጨነቁት ሰዎች አልተለዩም።

ብሉ፣ ጠጡ፣ ተንቀሳቀሱ የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። እንቅልፍንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ ግን ልጅቷ «ሌሊቱን ሙሉ» ያለችው አላስቀመጠኝም። የተጠናው የሚረጋው በእንቅልፍ ውስጥ ነው፤ ሌሊቱን ያላንቀላፋ ሰው የደከመበትን ሳያስቀምጥ ነው የሚነጋበት።

ዋናው ምክሬ አጠናን ላይ ነው። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ፈተና ላይ የሚከዳው ያ ስሜት ነው። መጽሐፉን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ አውጡት፤ ያቃታችሁን ብቻ ከፍታችሁ እዩ፤ በማግስቱ እንደገና ዝጉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤሚ ስሚዝና ባልደረቦቿ ይህን ከጭንቀት ጋር ፈትነውት ነበር። ደግመው ያነበቡት በማግስቱ ሲጨነቁ ትውስታቸው ቀነሰ፤ ራሳቸውን እየጠየቁ ያጠኑት ግን ኮርቲሶል ከፍ በሚልበት ሰዓት እንኳ አልቀነሰባቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ተለወጠ። ጮክ ብላችሁ፣ ቆማችሁ፣ ሰው ፊት አውጡት፤ የቃል ፈተና ያለበት ሰው ብቻውን በዝምታ አያጥና።

ፈተናው ሊጀመር ሲልም የሚያስጨንቃችሁን 10 ደቂቃ ያህል ወረቀት ላይ ጻፉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄራርዶ ራሚሬዝና ሻን ባይሎክ ይህን ያደረጉ ፈሪ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይተዋል። መካከል ላይ አንድ ነገር ከጠፋባችሁ አትታገሉት፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። የቃል ፈተና ከሆነ ከምታውቁት ጫፍ ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ መንገዱ ራሱ ያደርሳችኋል።

መርሳቱ ከፈተና ውጭም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለሳምንታት ስም፣ ቀጠሮ፣ ያነበባችሁት ገጽ ከጠፋባችሁ፣ እንቅልፍ ከሸሻችሁ፣ የምትወዱት ነገር ካስጠላችሁ፣ በጭንቀት እያሳበባችሁ አትቀመጡ። ድባቴ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሁሉም ትውስታን ሊያደክሙ ይችላሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም እንደ ፈተና ቀን እንዳይጠፋባችሁ የሚሰማችሁን ቀድማችሁ ጽፋችሁ ያዙ፤ መቼ እንደ ጀመረ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለም ስሙን።