ክሊራንስ ሳትይዝ ከባንኩ በር አትውጣ

ወንድሜ፣ «ያለፈውን ብድር ጨርሼ ከፍያለሁ፣ አዲስ ስጠይቅ ግን የብድር ታሪክህ ጥሩ አይደለም አሉኝ፣ ምን ላድርግ?» ላልከው። ራሴን ነው ያየሁት። እኔም እዚሁ ጅማ በርጩማና አልጋ እሠራለሁ፣ በዚሁ ጉዳይ ተቃጥያለሁ።

1. የከለከለህ ባንክ ላይ አትጩህ። ባንኩም ማይክሮፋይናንሱም የተበዳሪውን መረጃ ብሔራዊ ባንክ ወዳለው ቋት ይልካል፣ አዲሱ ባንክ የሚያየው እዚያ ያለውን ነው። እኔ ጮኬ አንድ ጠዋት አባከንኩ። ሂድና መረጃውን የላከውን የድሮውን አበዳሪ ያዝ።

2. ክሊራንስ፣ ማለትም «ዕዳውን ጨርሷል» የሚለው የአበዳሪው ደብዳቤ። የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። ለእንጨት መግዣ የወሰድኩትን ብድር የመጨረሻውን ወር ከፈልኩ፣ የብድር ኦፊሰሯም «አለቀ፣ እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ለካ አንድ ወር ያዘገየሁበት ቅጣት፣ 430 ብር፣ ቀርቷል። አካውንቴ ባዶ ስለነበር የሚቆረጥ አልተገኘም። የደወለልኝም የለም፤ ስልኬ እኮ አልተቀየረም! 90 ቀን ሲያልፍ ደግሞ ብድሩ የተበላሸ ተብሎ ይመደባል። በዓመቱ ለመሰንጠቂያ ማሽን ብድር ስጠይቅ ነው የሰማሁት።

ወደ ድሮው ቅርንጫፍ ሄድኩ። 430 ብሩን ለመክፈል አምስት ደቂቃ፣ ደብዳቤውን ለማግኘት አምስት ሳምንት! «ነገ ና»፣ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው»። አንዱ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ስልኩን እየነካካ፣ «በጊዜው ብትከፍል ኖሮ እዚህ ምን ያመላልስህ ነበር?» አለኝ። ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ የሰፈራችን ጡረተኛ ጸሐፊ መከሩኝ፤ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፍኩ፣ የደረሰኞቼን ፎቶኮፒ አያያዝኩ፣ አንዱን ኮፒ መዝገብ ቤት «ገቢ» አስብዬ ማህተም አስመታሁ። ወንድሜ፣ ያ ማህተም ከታየ በኋላ ስብሰባው ሁሉ አለቀ። ክሊራንሱን ሰጡኝ፣ መረጃው ቋቱ ላይ እንዲስተካከልም ላኩልኝ። ማሽኑን ገዛሁ፣ አሁን ሁለት ልጆች ቀጥሬ አሠራለሁ።

3. ዋስ የሆንክለት ሰው ካለ አሁኑኑ ደውልለት፣ ብድሩን እየከፈለ እንደሆነ ጠይቀው። የአጎትህ ልጅም ቢሆን። አላብራራም።

4. እኔ 12 ዓመት እቁብ አንድ ዙር አላሳለፍኩም፣ ዳኛችንም ይመሰክራሉ፣ ግን ባንክ ዘንድ ይሄ ወሬ ነው። የሽያጭህን ብር በአካውንትህ አንቀሳቅስ። ቴሌብር ላይ የምትወስዳትን ትንሽ ብድርም በቀኗ መልስ፣ ከጀርባዋ ባንክ ነው ያለው።

አንተም ላይ የቀረው እንደኔ ቅጣት ወይም ወለድ ነው የሚመስለኝ። የብድሩን ስቴትመንት እስከ ዜሮው ድረስ አሳትመህ እየው፣ ማመልከቻውን እኔ የጻፍኩትን በውስጥ እልክልሃለሁ። ሐሙስ ብቻ አትሂድ፤ የገበያ ቀን ነው፣ ወረፋው አያስገባህም።